አልበላም ያለው እንግዳ

በእኛ አገር እንግዳ ሲመጣ ምን እንደሚደረግ ለማንም መንገር አያስፈልግም። ደህና መቀመጫ ይሰጠዋል፣ ይበላል፣ ይጠጣል፣ በቃኝ ሲል ደግሞ እንዳልሰማን ሆነን እንጨምርለታለን። ብቻውንም አይተውም። የቤቱ እመቤት ወደ ጓዳ ብትገባ እንኳ ጎረቤት ተጠርቶ አጠገቡ ይቀመጣል እንጂ፣ እንግዳ ግድግዳ ሲያይ አይውልም። እኔ ከእስቴ ተድሬ ንፋስ መውጫ ከገባሁ ጀምሮ በዚህ ነገር ታምቼ አላውቅም። ባለፈው ጥቅምት ቤቴ የመጣውን እንግዳ ሞት አፋፍ ያደረስኩትም በንፉግነት አይደለም። በደግነት ነው።

እንግዳው ጊኒ ፒግ ይባላል።

ልጄ ትዕግሥት ከባሕር ዳር ለመሥሪያ ቤቷ ሥራ ወደ ጋሸና ስታልፍ፣ ሐሙስ ረፋድ ላይ መኪና አስቁማ በሽቦ የተሠራ ትንሽ ቤት ይዛ ገባች። ከውስጡ አንድ ነገር ደረቅ ሣር ሥር ተወሽቋል። ጎንበስ ብዬ አየሁት። አይጥ እንዳልለው ጅራት የለውም። ጥንቸል እንዳልለው ጆሮው አጭር ነው። አናቱ ላይ ያለው ጠጉር ከእንቅልፉ ተቀስቅሶ ማበጠሪያ እንዳጣ ሰው ቆሟል። ዓይኖቹ ጥቁር ናቸው፤ እኔን ያያሉ፤ አይርገበገቡም።

«ይሄ ምንድን ነው?» አልኳት።

«ቡኒ ነው።»

«ስሙን አልጠየቅኩሽም።»

ቡኒ የልጅ ልጄ የሶልያና ነው። የተከራዩት ቤት ባለቤት አንድ ቀን የውሃ ቆጣሪ ሊያዩ ገብተው ከእሱ ጋር ተገጣጠሙና «በእኔ ቤት አይጥ አይረባም» ብለው ቁርጡን ተናገሩ። አይጥ አለመሆኑ ቢነገራቸው፣ «ጅራቱ የተቆረጠ አይጥም አይጥ ነው» አሉ። ሶልያና አልቅሳ አልቅሳ በመጨረሻ «እማማ ጋ ይሂድ፤ እማማም ብቻዋን ናት» አለች አሉ።

የእኔ ብቻዬን መሆን በቤተሰባችን ውስጥ እንደ መሬት ክርክር ያለ፣ ቀጠሮ እየተሰጠው የሚያድር ጉዳይ ነው። ባለቤቴ ካረፈ ጀምሮ ትዕግሥት ባሕር ዳር ካልወሰድኩሽ እያለች ነው። አንድ ጊዜ ተሸንፌ ሄጄ አንድ ወር ከርሜያለሁ። ቤታቸው ይሞቃል፣ ውሃው ከግድግዳ ይወርዳል፣ ሐይቁም ቅርብ ነው፤ የሚነቀፍ ነገር አላገኘሁበትም። ብቻ እህል አልወርድ አለኝ። ገበታ በቀረበ ቁጥር ሁለት ጉርሻ ቀምሼ እጄን እሰበስባለሁ። ትዕግሥት «እማዬ፣ ብዪ እንጂ!» ትላለች፤ ባሏ «እማማ፣ አልወደዱትም?» ይላል፤ ሶልያና አገጯን በጠረጴዛው ላይ አስደግፋ አፌን ትመለከታለች። ቀሚሴ እየሰፋኝ ሲሄድ ክሊኒክ ወሰዱኝ። ደሜን አዩ፣ ጨጓራዬን አዩ፣ ምንም አላገኙም። ሐኪሙ «ናፍቆት ይሆናል» አለ። ማንን እንደናፈቅኩ ግን አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅኩትም። ወደ ንፋስ መውጫ ተመልሼ በሳምንት ውስጥ ቀሚሴ ልክ ሆነ።

እንግዲህ ቡኒን አይቼ እሺ ያልኩት ለእንስሳ ፍቅር ብዬ አይደለም። ትዕግሥት ጉዳዩን ዳግመኛ ስታነሳ «እንስሳ ጥዬ የት እሄዳለሁ?» የምትለዋን ቃል ወዲያው አሰብኳት። በገዛ እጇ ምክንያት ይዛልኝ መጣች ብዬ በሆዴ ደስ አለኝ።

ልጄ ግን የእኔ ልጅ ናት። መኪናው ውስጥ ገብታ መስኮቱን ዝቅ አደረገችና፣ «እማዬ፣ ሣር ሁልጊዜ ፊቱ ይኑር። ካሮት፣ ጎመን ጨምሪለት። ድንችና ሽንኩርት አይሆንለትም። ከሁሉ በላይ ሳይበላ እንዳያድር፤ እነዚህ ነገሮች ባዶ ሆዳቸውን ከዋሉ ቶሎ ነው የሚሞቱት» አለች። ቀጥላም፣ «ቅዳሜ ስመለስ አየዋለሁ። ይቺን አንድ እፍኝ እንስሳ ማኖር ካቃተሽ ግን ብቻሽን መኖርሽ አብቅቷል ማለት ነው። ሁለታችሁንም ጭኜ ነው የምሄድ» አለች።

ሳቀች። መኪናው ሄደ። እኔ አልሳቅኩም።

ወደ ቤት ገብቼ ለእንግዳዬ ከሳሎኑ የተሻለውን ቦታ ሰጠሁት፤ ከመስኮቱ ሥር፣ ብርሃን የሚገባበት፣ ከመንገድ የሚያልፍ ሰው የሚታይበት። ቤቱ እንዳይታፈንበት የሳሎኑንም በር ከፈትኩለት። ከጓሮ ለምለም ሣር አጭጄ አቀረብኩ። ጎመን በጥሼ አቀረብኩ። ከዚያ ወንበር ስቤ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩና እንዲበላ ጠበቅኩት።

አልበላም። ሣሩ ሥር ገብቶ አፍንጫውን ብቻ አስቀረ። እኔ ስንቀሳቀስ አፍንጫውም ትገባለች።

ብዙ የማልናገር ሴት ነኝ። ያን ዕለት ግን እንግዳው እንዳይከፋው ወሬ ጀመርኩለት። ስለ ንፋሱ ነገርኩት፤ እዚህ ከተማ ንፋስ የማይነፍስበት ቀን ካለ ሰዎች ምን ሆነ ብለው እንደሚጠያየቁ። ስለ ድንች ማሳችን ነገርኩት። ከዚያ የምለው አለቀብኝና ዝም ብዬ አየሁት። እሱም አየኝ። ባለቤቴ ሲያጨኝ ከሽማግሌዎቹ ጋር መጥቶ የተያየነው እንዲህ ነበር፤ ያኔም የሚናገር አልነበረም።

አመሻሹ ላይ ሶልያና ደወለች። «እማማ፣ በላ?»

«ገና ነው።»

«ፈርቶ ነው። እንዳትነኪው እሺ?»

«አልነካሁትም። አጫውቼዋለሁ።»

አርብ ጠዋት ሣሩ እንደነበረ ነው። ጎመኑ ጠውልጓል። በዚህ ላይ ጎረቤቴ ደብሬ እርሾ ልትዋስ መጣች። ደብሬ በርበሬና ቅመም ነጋዴ ናት፤ ልቧ ደግ፣ ድምፅዋ ደግሞ ከገበያው ዳር እስከ ዳር ሸማች የሚጠራ። በሩ ላይ ቆማ የሽቦውን ቤት አየች።

«እትዬ! ምንድን ነው ያስቀመጡት?»

«የትዕግሥት እንግዳ ነው።»

«ኧረ በማርያም! ሙሽራ ነው የሚመስል፤ እንዴት ተሸፋፍኗል!» ጎንበስ አለችና ድምፅዋን አለሰለሰች፤ ደብሬ ስታለሰልስ የሌላ ሰው ጩኸት ያህል ነው። «ምን በላ?»

«ከትናንት ጀምሮ አልበላም።»

ይህን በመናገሬ ጥፋቱን የጠራሁት እኔው ነኝ። እንግዳ ቤት ገብቶ አለመብላቱን የሰማች የሰፈራችን ሴት ዝም ብላ ቤቷ የምትቀመጥ አይደለችም። ደብሬ እርሾውን ረስታ ወጣች፤ ብዙም ሳይቆይ ሳሎኔ ሞላ። አንዷ የገብስ እሸት ይዛ፣ አንዷ ቆሎ፣ አንዷ ከዳቦ ላይ የተቆረሰ ለስላሳውን። አንዲት አሮጊት ደግሞ በፍንጃል ጠላ ይዘው መጥተዋል። «የፈራ ሰው ትንሽ ሲቀምስ ይደፍራል» አሉ። ሁሉም ክብ ሠርተው ተቀመጡ፤ ሁሉም እሱን ያያሉ።

«አፈር ስሆን ቅመስ» ትላለች አንዷ፣ እሸቱን በሽቦው መሐል እያሾለከች።

«የእኔን ካልቀመስክ እቀየማለሁ!»

«እናንተ አትቻኮሉት፤ መጀመሪያ ስሙን ጥሩት።»

«ቡኒዬ! ቡኒ! በሞቴ፣ በሞቴ!» ደብሬ በሞቷ ስትምልበት እንግዳው ከሣሩ ሥር ተንቀጠቀጠ። «አያችሁ? ሰምቶኛል!»

«ዛሬ አርብ አይደል፤ ጾመኛ ይሆናል እኮ» አሉ አሮጊቷ።

«ሣር የሚበላ ምን ያስፈስከዋል?»

በዚህ መሐል የንስሐ አባቴ ቄስ ሞላ ገቡ። ዕድሜያቸው ከትዕግሥት ያንሳል፤ እኔን ግን ልጄ ይሉኛል፤ ደንቡ ስለሆነ እኔም ልጃቸው ነኝ። ሁላችንም ተነሥተን መስቀል ተሳለምን። አባ በሽቦው ውስጥ አጮልቀው ካዩ በኋላ፣ «ልጄ፣ ይህ ያመሰኳል?» አሉ።

«አያመሰኳም አባ።»

«ሰኮናውስ?»

«ጥፍር ነው ያለው።»

«እንግዲያ አይበላም።»

«የለም አባ፣ ሊበላ አይደለም የመጣ። እሱ እንዲበላልን ነው የተቸገርን።»

ጢማቸውን ዳሰሱ። ሁላችንም ጠበቅናቸው። «የምድር አራዊትና ሰው የተፈጠሩት በአንድ ቀን በዕለተ አርብ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ዛሬም አርብ ነው። እኛ ሁላችን ብንሰበሰብ ከእሱ ጋር የአንድ ቀን ፍጥረቶች ነን። እኩያ እኩያውን ያን ያህል አትኩሮ አያየውም።» ይህን ብለው ወደ ሌላ ቤት አለፉ። አነጋገራቸው ለሁላችንም ደስ አለን። ያሉትን ግን ማንም አላደረገም።

እንዲያውም አባ ከወጡ በኋላ ቤቱ ጸጥ ስላለ፣ እንግዳው አፍንጫውን አወጣ። ከዚያ አንድ ዓይኑን አወጣ። ከዚያ ግንባሩ መጣ። ሁላችንም ትንፋሻችንን ያዝን። አንድ እርምጃ ወደ እሸቱ ተራመደ።

ደብሬም እልል አለች።

የደብሬን እልልታ የሰማ ያውቀዋል። ሦስት ሠርግ ቤት ለአንድ ቀን ቢጠሯት ለሦስቱም ባንድ ቦታ ቆማ ታደርሳለች። እንግዳው ዘለለ፤ እሸቱን ለማቀበል የተከፈተውን በር መትቶ ወጣ፤ በሴቶቹ እግር መሐል እንደ ተወረወረ ድንጋይ አልፎ ከብርጭቆ ቡፌው ሥር ገባ። አንዷ ወንበር ላይ ወጣች። አሮጊቷ ጠላቸውን ደፉ። «ያዙት!» «አትያዙት!» «በሩን ዝጉ!» «የት አለ?» «ጠላዬን!»

ቡፌውን እናንሳ ያልኩት እኔ ነኝ ብሎ እስከ ዛሬ የሚያምን የለም። ውጭ ቆሞ ሰው ይጠብቅ የነበረ የባጃጅ ሾፌር ተጠራ። ቡፌውን በአንድ ወገን እሱ፣ በሌላው ወገን አራት ሴቶች ያዙ። የሾፌሩ ወገን ተነሣ፤ የእኛ ወገን እየተማከረ ነበር። ከላይኛው መደርደሪያ ለሠርጌ የተሰጡኝ ብርጭቆዎች ተራ በተራ፣ ሳይጋፉ፣ ወረዱ። እንግዳው ከብርጭቆ ስብርባሪ ሸሽቶ ወደ መኝታ ክፍሌ ገባ።

«አሁን አልጋውን እናንሳ» አለች ደብሬ።

«አልጋዬን ማንም አያነሣም» አልኩ። እንዲህ ባለ ድምፅ እምብዛም አልናገርም፤ ሁሉም እጃቸውን ሰበሰቡ። «እግዜር ይስጥልኝ፤ ደክማችኋል፤ አሁን ግቡ።» እንግዳ ሸኝቼ አውቃለሁ፤ እንዲህ ስሸኝ ግን የመጀመሪያዬ ነው። ደብሬ እየወጣች «ተቀየሙ?» አለችኝ። «እርሾሽን ውሰጂ» አልኳት።

ከዚያ በጉልበቴ ተንበርክኬ አልጋው ሥር አየሁ። ምንም የለም። ሻንጣው ኋላ የለም፤ ከማእዘኑም የለም። አልጋው ሥር ካሉት ዕቃዎች መሐል የባለቤቴ ቦት ጫማ አለ፤ ክረምት ክረምት ድንች ሊያይ ሲወርድ የሚያደርገው ጥቁር ጎማ። ካረፈ በኋላ ለሰው ልሰጠው አስቤ ነበር፤ ጊዜ አልተመቸኝም። የግራው ጫማ ተጋድሟል። ከውስጡ፣ ከእግር ጣት ወገን፣ ሁለት ጥቁር ዓይኖች አዩኝ።

ላወጣው እጄን ዘረጋሁና ተውኩት። ጫማውን እሱን ውስጡ እንደያዘ ብድግ አድርጌ ወደ ሽቦው ቤት አስገባሁት፤ ጫማውም እዚያው ቀረ። ስብርባሪው እስኪጠረግ ብዬ የሽቦውን ቤት ከመስኮቱ ሥር ወደ ማዶው ጥግ አዛወርኩት፤ ሣር፣ ካሮት፣ ውሃ አደረግኩ። አልወጣም። ከሰዓት በኋላም አልወጣም።

ስልኩ ጮኸ። ትዕግሥት ነበረች። «እማዬ፣ እንዴት ነው?»

«ደህና ነው።»

«በላ?»

ወደ ጫማው አየሁ።

«እማዬ፣ ከትናንት ጠዋት ጀምሮ ማለት እኮ ነው! ነገ ጠዋት እደርሳለሁ። እስከዚያ ካልበላ… ልብስሽን አዘጋጂ። ቀልዴን አይደለም።»

ስልኩን አስቀመጥኩ። የተሰበረውን ብርጭቆ አልጠረግኩትም ነበርና ጠረግኩ። ቡፌውን በትከሻዬ ገፍቼ ወደ ግድግዳው አስጠጋሁ። ከዚያ ሌላ የሚሠራ ነገር አጣሁ። ልብሴን ላዘጋጅ ብዬ ሻንጣውን ከአልጋ ሥር ሳብኩና፣ ከፍቼ፣ መልሼ ዘጋሁት። አንዲት እፍኝ የምታህል ነፍስ፣ በባለቤቴ ጫማ ውስጥ በረሃብ ልትሞት ነው። እኔም ነገ ባሕር ዳር ገበታ ፊት ነኝ። የጾም እራት ልሥራ ብዬ ምስር በሰፌድ አድርጌ ተቀመጥኩ። ሲመሽ የሚቀረው ብርሃን በመስኮቱ ስለሆነ ወደዚያ ዞርኩ፤ ስዞር እንግዳውን ከጀርባዬ አደረግኩት። ይህን ያደረግኩት ስላወቅኩ አይደለም። ደክሞኝ ነው። ፊቱን ማየት አፍሬ ነው።

ድንጋዩን ከምስሩ እየለየሁ ጥቂት ቆየሁ። ቤቱ ውስጥ የእኔ ጣት ካልሆነ በቀር የሚንቀሳቀስ የለም። ከዚያ ከኋላዬ ትንሽ ድምፅ ሰማሁ። ጎማ ሲፋቅ። ቀጥሎ ሣር ሲንኮሻኮሽ። ቀጥሎ፣ ቅርጥ። ቅርጥ፣ ቅርጥ።

አልዞርኩም። ጣቶቼን እንዳያቆሙ ብዬ ያጠራሁትን ምስር መልሼ ደባለቅኩና እንደገና መልቀም ጀመርኩ።

እንዲህ ተቀምጬ ሳለ ነው አማቴ ትዝ ያሉኝ። ከእስቴ ሙሽራ ሆኜ ስመጣ ልጅ ነበርኩ። ሙሽራ በአማቶቿ ፊት ቶሎ አትበላም፤ ግን ደንቡ ለእኔ ትርፍ ነበር፤ ደንብ ባይኖርም እህል አልወርድ ብሎኝ ነበር። የባለቤቴ እኅቶች፣ አክስቶች፣ ጎረቤቶች ከበው «በሞቴ» ይሉኛል፤ እያጎረሱ አፌን ያያሉ። አንድ ቀን አማቴ ሁሉንም አስወጡ። ገበታውን ፊቴ አኖሩ። ከዚያ ምንም ሳይሉ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ባቄላ መፈልፈል ጀመሩ። ገበታው እስኪያልቅ አልዞሩም። ያን ዕለት እስክጠግብ በላሁ፤ በሆዴ ግን «ይህች ሴት አልወደደችኝም፤ ፊቷን አዞረችብኝ» አልኩ። እንዲሁ እንዳልኩ ስንት ዘመን አብረን ኖርን። ክፉ ቃል አልተናገሩኝም፤ እኔም አልተናገርኳቸውም። ብቻ ያቺን ጀርባ እንደ ቅሬታ ይዣት ነበር። ለካ እንድበላ ሰጥተውኝ ነው።

ካሮቱ ቅርጥ ቅርጥ ይላል። አማቴ ዛሬ የሉም።

ቅዳሜ ጠዋት ትዕግሥት ስትገባ ሻንጣዬን በዓይኗ እየፈለገች ነው የገባች።

«የት አለ? ሞተ?»

«ጫማ ውስጥ ነው።»

«ጫማ?» አየችው። የማን እንደሆነ አወቀች። ከዚያ ጎንበስ ብላ ልታጮልቅ ስትል ክንዷን ያዝኳት።

«አትመልከቺው። ተቀመጪ። ወደ መስኮቱ ዙሪ።»

«እማዬ?»

«ዙሪ አልኩሽ።»

ሁለታችንም ጎን ለጎን ጀርባችንን ለሽቦው ቤት ሰጥተን ተቀመጥን። ከውጭ ሰው ቢያየን ተጣልተዋል ይል ነበር። ሰፌዱን ጭኗ ላይ አኖርኩላት። ጥቂት እንደለቀመች ከኋላችን ጎማው ተፋቀ፤ ሣሩ ተንኮሻኮሸ። ትዕግሥት አፏን በእጇ ያዘች፤ ትከሻዋ በሳቅ ይንቀጠቀጣል። «እየበላ ነው!» አለች በሹክሹክታ። ስልኳን አውጥታ ለሶልያና ድምፁን ቀዳችላት።

ምሳ ሲደርስ ሽሮ አቀረብኩ። እሷ መንገድ ላይ በልቻለሁ አለች፤ ገበታው የእኔ ብቻ ሆነ። እንደ ልማዷ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ አፌን ማየት ጀመረች። አንድ ጉርሻ በላሁ። ሁለተኛውን ጠቀለልኩና ቆየሁ። «ብዪ እንጂ…» ብላ ጀመረችና አቆመች። እኔን አየች። የሽቦውን ቤት አየች። እንደገና እኔን አየች።

ወንበሯን አንሥታ ወደ መስኮቱ አዞረች። ሰፌዱንም አነሣች።

ጠቅልዬ የያዝኩትን ጎረስኩ። ከዚያ ሳትዞር፣ «እማዬ፣ ባሕር ዳር ያኔ… እናፈጥብሽ ነበር እንዴ?» አለች።

«ምስሩን ልቀሚ» አልኳት።

ለቀመች። ከጫማው ውስጥ ቅርጥ ቅርጥ ይሰማል። እኔም ሳህኑን ጠረግኩት።